የሺላው ቀለም

ያዕቁብ መሰላል ላይ የወጣው ከጧቱ ሁለት ሰዓት ነው። አሁን ዘጠኝ ሰዓት አልፏል፤ እግሮቹ የራሱ እንደሆኑ የሚያውቀው ስላመሙት ብቻ ነው። የገዳሪፍ ጥቅምት መቼም የታወቀ ነው፤ ዝናቡ ሲሄድ ሙቀቱን ይዞ አይሄድም። አዳራሽ የሚሉትም ቤት ለክብሩ አዳራሽ ተባለ እንጂ የማሽላ መጋዘን ነበር። ብርሃን እንዳይገባ መስኮቶቹ በጆንያ ስለተጋረዱ፣ ከላይ ቆርቆሮው እየጋለ ከታች ያለውን ሰው ቀስ አድርጎ ያበስለዋል።

ከጣሪያው ወራጅ ላይ አሥራ ሁለት ጣሳ ሰቅሏል። የእርዳታ ዱቄት ወተት የመጣባቸው ጣሳዎች ናቸው። ግርጌያቸውን በስቶ የአምፖል መያዣ አስገብቶባቸዋል፣ አፋቸውን ወደ መድረኩ አዙሮ በሽቦ አስሯቸዋል። ጎንደር ሳለ የኪነት ቡድኑ መብራት ሠራተኛ ነበር፤ ያኔ አራት ደህና ፓውዛዎች ነበሩት። በሰባ ዓመተ ምሕረት ክረምት ጓደኞቹ ከየቤታቸው ሲለቀሙ ፓውዛውንም ጎንደርንም ትቶ በመተማ በኩል ወጣ። ስምንት ዓመት ሆነው። አሁን ለስደተኞች የማታ ትምህርት ቤት ጣሪያ ማሠሪያ ትያትር ሊታይ ነውና፣ በወተት ጣሳ ፀሐይ ሊያወጣ ይታገላል። ትያትሩ ነገ ዓርብ ነው።

ድካሙ ግን የመሰላል ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። የመሰላል ድካም ተኝተው ሲነሱ ይለቃል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሐጂ ሙዘይን የሚባሉ ከመተማ የመጡ የቆዩ ነጋዴ ገዳሪፍ ገበያ ውስጥ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ አላቸው። ልጃቸው ራዲያ ትሸጣለች፤ እሳቸው ከኋላዋ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን፣ መስበሐውን፣ ይቆጥራሉ። ያዕቁብ ሦስት ዓመት ሙሉ ከዚያ ሱቅ ሽቦ ገዝቷል። የገዛው ሽቦ ጫፍ ለጫፍ ቢቀጠል ጎንደር ይደርሳል። በነዚያ ሦስት ዓመታት ራዲያን ቀና ብሎ ያየበት ጊዜ ቢደመር ግን አንድ ሻይ አያስጠጣም። እሷ የባለሱቅ ልጅ ናት፤ እሱ ካርዱ ላይ ስደተኛ ተብሎ የተጻፈበት፣ ቤት ለቤት የአየር ማራገቢያ ፋን የሚጠግን ሰው ነው።

ባለፈው ሐምሌ ደፈረ። የሚገዛውን ዕቃ በጻፈበት ወረቀት ጀርባ፦ «ራዲያ፣ ሽቦ የማያስፈልገኝ ከሆነ ቆይቷል። የምመጣው ላይሽ ነው። መልስሽን በፈለግሽው መንገድ ስጪኝ። ዝም ካልሽም መልስ ነው፤ አላስቸግርሽም» ብሎ ጻፈ። ራዲያ ገዳሪፍ ተወልዳ ያደገች ናት፤ ፊደል የቆጠረችው እዚያው ጣሪያ የሌለው የማታ ትምህርት ቤት ነው። ወረቀቱን አነበበች፣ ገለበጠች፣ ጀርባውንም አነበበች። ፊቷ አልተለወጠም። የጠየቃትን ስድስት አምፖል አንድ በአንድ እያበራች ሞከረችለት፣ ወደየካርቶናቸው መለሰች፣ ክር ፍለጋ ይዛቸው ወደ ጓዳ ገብታ ትንሽ ቆየች፣ አስራ አወጣቻቸው፣ በጋዜጣ ጠቀለለች። ያዕቁብ ቤቱ ገብቶ ጋዜጣውን በፊትም በጀርባም አገላብጦ ፈተሸ። ከዓረብኛ ኅትመት በቀር ምንም አልነበረበትም። ሳምንት ጠበቀ፣ ወር ጠበቀ። ከዚያ ዝምታዋን እንደ መልስ ወሰደው።

ከአሥራ ሁለት ቀን በፊት ደግሞ ሐጂ ቤት ፋን ሊጠግን በሄደበት ከከሰላ ሺላ መጣ። አብዱልናስር የሚባል ባለመኪና ለራዲያ የላከው የጥሎሽ ስጦታ ነው፤ ልብሱ፣ ሽቶው፣ ሰንደሉ በትሪ በትሪ ተደርድሮ፣ በቀይና በቢጫ በሰማያዊም ሴሎፎን ተሸፍኖ፣ ሴቶች በእልልታ ይዘውት ገቡ። በሱዳኖቹ ደንብ ሺላ ሽፋኑ ከተፈታ ተቀባይነት አገኘ ማለት ነው። ካልተፈለገ ማንም ሳይነካው፣ እንደመጣ ተሸፍኖ ይመለሳል፤ ማንም አያፍርም፣ ማንም አይጣላም። የአብዱልናስር ሽማግሌዎች መልሱን ሊሰሙ ነገ ከዙህር ሶላት በኋላ ይመጣሉ። ያዕቁብ ያን ቀን ፋኑን ሠርቶ ሲወጣ የሚሄድበትን አያውቅም ነበር።

የማታ ትምህርት ቤቱ መምህርና የትያትሩ ደራሲ ታምሬ ከታች ሆኖ ተጣራ። «ያዕቁብ፣ ሰው መጣልህ።»

ከመሰላሉ ላይ ዞር ብሎ አየ። ራዲያ ናት። አክስቷ እትዬ ኡምሰልማ ከኋላዋ ቁና ቁና እየተነፈሱ ገቡ። ራዲያ የታጠፈ ነገር በክንዷ ይዛለች።

«ለመብራቱ ቀለም አጣሁ ስትል ሰምቼ ነበር» አለችው። «ሱቅ ሁሉ ጠይቀህ።»

ወርዶ ተቀበላት። ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ ሴሎፎን። የትሪ ጠርዝ ያጠፈው መስመር እንዳለ ነው፤ ሰንደል ሰንደል ይሸታል። 

«ተፈታ ማለት ነው» አለ።

«ዛሬ ጧት። እኔው ነኝ የፈታሁት።»

ብዙ የሚባል ነገር ነበር። ያዕቁብ የቀለለውን መረጠ። «መብሩክ፣ እንኳን ደስ አለሽ» አላት።

«አላህ ይባርክ ፊክ» አለች፤ ድምፅዋ ሱቅ ውስጥ ዋጋ የምትናገርበት ድምፅ ነበር።

ቀለሙን ይዞ ወደ መሰላሉ ተመለሰ። ቢያለቅስ ይቀለው ነበር። ለማልቀስ ግን ጉልበት ያስፈልጋል፤ የእሱ ከጧት ጀምሮ አልቋል።

ቀለሙን ለክቶ ቆረጠ፤ ከጣሳዎቹ አፍ አራት ጣት አራቀና አሰረው፤ ቢጠጋ አምፖሉ ያቃጥለዋል። ከዚያ ብርሃኑን ማነጣጠር ቀረ። ለዚህ ደግሞ ሰው ያስፈልጋል። ባዶ ወለል ላይ መብራት አይስተካከልም፤ ተዋናዩ በሚቆምበት ቦታ ሰው ቆሞ፣ ፊቱ ላይ ጥላ ሲወድቅና ሲነሳ ታይቶ ነው ጣሳው በሽቦ የሚታሰረው። ዋናዋ ተዋናይ ሰዓዲያ ልጇ ወባ ይዞት አልመጣችም።

ታምሬ ዙሪያውን አየና «ራዲያ፣ እስቲ አንቺ ቁሚልን» አላት።

እትዬ ኡምሰልማ ቀደም ብለው «ምን ልታደርግ?» አሉ።

«ምንም እትዬ። ዝም ብላ መቆም ነው።»

«መቆም ብቻ ከሆነ ትቁም። ማውራት ካለበት ግን ወንድሜን ትጠይቃለህ።» ይህን ብለው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ፤ ወዲያው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ታምሬ ወንበር የሚያመጣውን መኪና ሊጠብቅ ወጣ። ውጭ የሐጂ ዋቡር፣ ለትያትሩ ያዋሱት ጄኔሬተር፣ ይንዶቀዶቃል። ያዕቁብ ሦስት ዓመት ሙሉ መሬት መሬት ሲያይ ኖሮ፣ አሁን ሥራው ራሱ እያት አለው። ራዲያ በኖራ ምልክት የተደረገበት ቦታ ላይ ቆመች።

«ቀና በይ» አላት።

ቀና አለች፤ ወዲያው አቀረቀረች።

«ትንሽ ወደ ግራ። ቀና በይ። አሁንም።»

ከዓይኗ በታች ጠቁሯል። እንቅልፍ ያጣ ሰው ፊት ነው፤ ያዕቁብ በየቀኑ በመስታወት የሚያየውን ስለሚመስል ወዲያው አወቀው። ሙሽራ ልትሆን ነው ብሎ አሰበ፤ ሙሽራ እንዲህ ይደክማታል እንዴ? ሊጠይቃት ፈለገ። መጠየቅ የአብዱልናስር ነውና ሽቦውን አጠበቀ። ሁለተኛው ምልክት ላይ ቆመች፣ ሦስተኛው ላይ ቆመች። በእያንዳንዱ ቀና በይ ይላታል፤ ቀና ትላለች፣ መልሳ ታቀረቅራለች።

«እዚህ ላይ ሴትየዋ ምን ትሆናለች?» አለችው በመጨረሻው ምልክት ላይ ቆማ።

«ሰውየው ይሄዳል፣ እሷ ትቀራለች።»

«ምን ትለዋለች?»

«ምንም አትለውም። ታምሬ ፊቷ በደንብ መታየት አለበት ያለኝ ለዚህ ነው።»

«ታዲያ እሷ ዝም ስላለች ነው የሚሄደው፣ ወይስ እሱ ስለሚሄድ ነው ዝም ያለችው?»

 ጥያቄው የትያትሩ እንዳልሆነ ለያዕቁብ ተሰማው፤ ተሳስቼ ይሆናል ብሎም ራሱን ገሠጸ።

ይህን ሲያስብ የመጨረሻው ጣሳ ሁለት ጊዜ ብልጭ አለና ጠፋ። ለመለማመጃ ያስገባው አሮጌ አምፖል ነበር። ያዕቁብ ወረደ፣ ቦርሳውን ከፈተ፣ ለነገ ያስቀመጣቸውን አዲሶቹን አወጣ። ስድስት ካርቶን ናቸው፣ በነጭ ክር የታሰሩ።

ራዲያ ክሩን አየች። ከምልክቷ ወጥታ ቀረበች። «እነዚህ የሐምሌዎቹ ናቸው?»

«አዎ። ለትያትሩ ብዬ አኑሬያቸው።»

«ክሩ እኔ እንዳሰርኩት ነው።»

«ምን ብዬ እፈታዋለሁ? ፊቴ አይደል የሞከርሽልኝ? ሁሉም በርተዋል። አምፖል ካለ ቀኑ ከካርቶኑ ከወጣ አቧራ ይበላዋል፣ ይሰበራል። ሌላ የምገዛበት የለኝ።»

«አንዱንም አልከፈትክም?»

«አንዱንም።»

ራዲያ የመድረኩ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። መሳቅ ጀምራ አቋረጠችው። «ያ ረቢ» አለች ለራሷ። ከዚያ «ፍታው» አለችው።

ፈታው። የመጀመሪያው ካርቶን ውስጥ አምፖል ነበር፣ ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም። በአራተኛው አምፖል ላይ ከደብተር የተቀደደ ወረቀት ተጠቅልሎበታል። ፊደሉ ትልልቅና ጎርበጥ ጎርበጥ ያለ፣ በቅርብ የተማረ ሰው ፊደል ነው። ያዕቁብ ከሚበራ ጣሳ ሥር ቆሞ ማንበብ ጀመረ። መጨረሻው ላይ ሲደርስ ቆመ፤ መልሶ አነበበው።

«...የከሰላ ሰዎች ከመኸር በፊት ይመጣሉ እየተባለ ነው። እስኪመጡ እጠብቅሃለሁ። ከመጡ በኋላም ትንሽ እጠብቃለሁ። ግን እኔም ሰው ነኝ፤ ይደክመኛል።»

«ራስጌዬ ነበሩ» አለ ያዕቁብ። «ሦስት ወር ሙሉ ራስጌዬ አድርጌያቸው ነው የተኛሁት።»

«እኔ ደግሞ አንብቦ ናቀኝ አልኩ። ሱቅ ትገባለህ፣ ሽቦ ትገዛለህ፣ መሬት እያየህ ትወጣለህ። ሺላው ሲመጣ ፋኑን ጠግነህ ዘወር ሳትል ሄድክ። አሥራ አንድ ቀን አልነካሁትም። ዛሬ ጧት ነቃሁና ኸላስ፣ በቃ አልኩ። ደከመኝ ያዕቁብ። ወላሂ ከመድከሜ በቀር ሌላ ምክንያት የለኝም።»

«ቀለሙንስ ለምን ለእኔ አመጣሽው?»

«እኔ ነገ አልመጣም። ቤት እንግዳ አለ። እንግዲያውስ ከእኔ የሆነ ነገር እዚህ ይብራ ብዬ ነው።»

ያዕቁብ አጠገቧ መቀመጥ አልደፈረም። ወረቀቱን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። ሲወደድ እንደቆየ አሁን ገና ማወቁ ከመናቁ በላይ አመመው፤ መናቁን እንኳ ለምዶት ነበር።

«ሙዘይን መጣ» አሉ እትዬ ኡምሰልማ። ዓይናቸውን አልገለጡም። «መኪናው ነው። የምትነጋገሩትን ተነጋግራችሁ ከሆነ ዝም በሉ፤ ካልሆነም ለእሱ ንገሩት። እኔ ተኝቼ ነበር።»

ሐጂ ሙዘይን በሩ ላይ ቆሙ። ሥራ የዋሉ፣ ረዥም፣ ጎበጥ ያሉ ሰው ናቸው። ልጃቸውን ሊወስዱ፣ ዋቡራቸውንም ሊያዩ ነው የመጡት። ዓይናቸው ግን ወደ መድረኩ ሄደ። ወለሉ ግማሹ ቀይ፣ ግማሹ ሰማያዊ ሆኗል።

«ይህ ቀለም ከቤቴ የወጣ ነው» አሉ።

የያዕቁብ እጅ በልማድ ወደ መሰላሉ ሄደ። መሰላል ላይ ያለ ሰው ሥራ ላይ ነው፣ ማንም አይጠይቀውም፤ ስምንት ዓመት የኖረው እንዲህ ነው። እጁን መለሰው።

«ሐጂ፣ የምነግርዎ አለኝ። ሰው ልኬ ነበር ማስነገር የሚገባኝ። አላደረግሁትም።» ወረቀቱን ዘረጋላቸው።

«መነጽሬ ሱቅ ነው። አንብበው።»

«የራዲያ ጽሑፍ ነው።»

«የእሷ ከሆነ ከእኔ የሚደበቅ አይኖርበትም። አንብበው።»

ራዲያ አንገቷን ደፋች። ያዕቁብ ቀስ እያለ አነበበ። «የጻፍከውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እኔም ሽቦ እንደማያስፈልግህ አውቃለሁ። ከመጣህ ግን በትክክል ና። አባቴ የሚጠላው ድሃን አይደለም፣ በጓሮ የሚመጣን ነው። ሰው ላክና በፊት በር ግባ...» እስከ መጨረሻው አነበበ። እኔም ሰው ነኝ፣ ይደክመኛል የሚለውንም አልዘለለም።

ሐጂ አግዳሚው ላይ እህታቸው አጠገብ ተቀመጡ። «ይህ የሐምሌ ነው። ለምን እስከ ዛሬ?»

«ዛሬ ነው ያገኘሁት ሐጂ። አምፖሉ ካርቶን ውስጥ ነበር። ለነገ እያልኩ ሳልከፍተው።»

«ከዚያስ በፊት? ሦስት ዓመት ሱቄ ስትመላለስ ምን ፈርተህ ነው?»

«ካርዴን። ምን ይዤ ልጠይቅዎ?»

«እኔ ይህን ድንበር ስሻገር አንድ አህያ ይዤ ነበር። እሷም የወንድሜ ነበረች።» ሐጂ ዓይናቸውን በእጃቸው አሹ። ሲቆዩ ወደ ራዲያ ዞሩ። «አንቺስ? ለምን ፈታሽው?»

«ደክሞኝ ነው አባ። ይቅር ይበሉኝ።»

«ሲፈታ ማን አየ?»

«እኔ» አሉ እትዬ ኡምሰልማ። «እኔ ደግሞ የማየውን ሁሉ አልናገርም።»

 ውጭ ዋቡሩ ይንዶቀዶቃል። ሐጂ ወደ ጣሪያው ጣሳዎች ቀና ብለው አዩና «ቀለሙን አውርደህ ስጠኝ» አሉ።

ያዕቁብ አልተከራከረም። የቤታቸው ነው፣ የልጃቸውም ነገር የእሳቸው ነው። መሰላሉን አስጠግቶ ወጣ። ቀዩን ሲፈታ የመድረኩ ግማሽ ነጭ ሆነ፤ ሰማያዊውን ሲፈታ የቀረውም ነጣ። ቢጫው ጠርዙ ላይ ጠቆር ብሏል፤ አራት ጣት ቢርቅም እሳቱ ደርሶበታል። ሁሉም ነገር አለቀ፣ ቢያንስ አሁን መተኛት እችላለሁ ብሎ አሰበ፤ ያሰበው ግን እውነት አልነበረም። ወርዶ በሁለት እጁ ሰጣቸው።

«ቢጫዋ ተቃጥላለች። ቀዩንም ለጣሳው ስል ቆርጬዋለሁ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ሐጂ ሴሎፎኑን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው፣ አርባ ዓመት ዕቃ እንደጠቀለለ ሰው፣ ጠርዙን ከጠርዝ ማገጣጠም ጀመሩ። የተቃጠለውን ቦታ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። «ይህቺ በታች በኩል ትውላለች» አሉ። «ሲሸፈን አትታይም።»

ቀድማ የሰማችው ራዲያ ናት። ቀና አለች። ያዕቁብ አባትየውን አየ፣ ልጅቱን አየ፤ ሲሸፈን የሚለው ቃል ልቡ ውስጥ እስኪገባ ጊዜ ወሰደ። የሚቀር ሺላ አይሸፈንም።

«ለአብዱልናስር ሰዎች ቃል አልሰጠሁም» አሉ ሐጂ፤ አሁንም እያጠፉ ነው። «ደክሟት እሺ ያለች ልጅ አልድርላቸውም፤ ለእነሱም ነውር ነው። እንደመጣ ተሸፍኖ ይመለሳል። አንተ ደግሞ ይህን ለአንተ ያደረግሁት እንዳይመስልህ። ልጄን ሰጠሁህ አላልኩም።»

«ገብቶኛል ሐጂ።»

«ነገ ሥራህን ጨርስ። ከዚያ ሰው ይዘህ ትመጣለህ።»

«እዚህ ዘመድ የለኝም።»

«ፈልግ። ጣሪያ የምትሠራለት አገር ሙሉ ሰው ሽማግሌ ካላወጣልህ ድካምህ ለምንድን ነው?» ተነሡ፤ ወገባቸውን ያዝ አድርገው። «ኡምሰልማ፣ ተነሺ። የመግሪብ ሶላት ሳይደርስ አሥራ ሁለት ትሪ የሚሸፍን አለን።»

ራዲያ አልተነሣችም። «አባ፣ አንድ መብራት ቀርቶታል። ሰዓዲያ የለችም። ልቁምለትና ልምጣ?»

ሐጂ ልጃቸውን አዩ፤ ባዶውን ነጭ መድረክ አዩ። «መኪና ውስጥ ነን» አሉ። «በሩን ክፍት ተዉት።»

ያዕቁብ በእሷ ወረቀት ተጠቅልሎ የነበረውን አምፖል ይዞ መሰላሉን ወጣ። እግሩ እንደበፊቱ ያመዋል፣ ጀርባውም አልተሻለውም፤ ነገም ቀለም የሌለው ትያትር ይዞ ታምሬ ፊት መቆም አለበት። አምፖሉን አጥብቆ አበራው። ራዲያ ኖራው ላይ፣ ሴትየዋ ዝም በምትልበት ቦታ ላይ ቆማለች። ብርሃኑ ነጭ ስለሆነ ምንም አልሸፈነላትም፤ ድካሟ ሁሉ ይታያል።

«ቀና በይ» ሊላት አፉን ከፈተ። ቀድማው ቀና ብላ ነበር።